የግራ ጆሮ

እናቷ በሩ ላይ ቆማ አፏ ይንቀሳቀሳል። ሚጡ አይታታለች፤ ግን እንዳላየች ሆና ዓይኗን ባዮሎጂ ደብተሯ ላይ ተከለች። ትልቁ ጥቁር ሄድፎን ሁለቱንም ጆሮዎቿን ጥርቅም አድርጎ ዘግቷል። የሚያያት ሰው ሙዚቃ የምትሰማ ይመስለዋል እንጂ ምንም አልተከፈተም። ጫጫታ ማጥፊያውን ብቻ ተጭና በዝምታው ውስጥ ተቀምጣለች። እናቷ ጥቂት ጠበቀች፤ እጇን ልታውለበልብ አነሳችና ተወችው። ከዚያ ዞራ ሄደች።

ሚጡ እፎይ አለች። እፎይ ማለቷ ራሷን አናደዳት፤ ቢሆንም አልተነሳችም። ደክሟታል። ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት መልስ ዕቃ ማጠብ፣ ከዕቃው ቀጥሎ መንታ ወንድሞቿን መገላገል። አባቷ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ሰኞ ደግሞ ፈተና አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሆኖም ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ናት።

ሄድፎኑን የሰጠቻት አክስቷ ናት፤ ከክፍሏ ሦስተኛ ስለወጣች። የመጀመሪያው ቀን መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። አብራት የምትቀመጠው፣ ክፍሉ ሁሉ «ዲጄ» የሚላት ልጅም ምክሯን አዥጎደጎደችላት።

«ድምፁን ከግማሽ በላይ እንዳትለቂው፣ ጆሮሽን ታጠፊዋለሽ። ገመዱን እንዳትቋጥሪው። ደሞ በደንብ የምታውቂውን የቆየ ዘፈን ክፈቺና ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚ። ከበሮው በዚህ፣ ጊታሩ በዚያ! ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ሁሉ ይሰማሻል፣ ሙች!»

ሚጡ ሞከረችው፤ እውነትም ነፍስ የሚያድስ ነገር ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ከሁሉ የሚጥመውን ጥቅም በራሷ ደረሰችበት፤ ምንም ሳይከፍቱ ማድረግ። ጆሮው የተዘጋን ሰው ማንም አይልከውም፣ ማንም «ተነስ» አይለውም። ዲጄ ይህን ስትሰማ «እንዲህ ያለ ዕቃ ለዝምታ? አቤት ፋራነት!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀችባት።

ውሃ ሲጠማት ሄድፎኑን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። ወደ ማድቤት ለመሄድ የግድ በእናቷ ጠረጴዛ በኩል ይታለፋል።

የእናቷ ሥራ መስማት ነው። አንድ የጥናት ቢሮ ሰዎችን እየጠየቀ ድምፃቸውን ይቀዳል፤ እናቷ ቅጂውን እያዳመጠች ቃል በቃል ትተይባለች። መንታዎቹን ሳትጥል፣ ከቤት ሳትወጣ የምትሠራው ሥራ ይሄ ብቻ ነው። የኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ ከሞተ ስለቆየ የምታዳምጠው በቀጭን ነጭ ኢርፎን ነው። ያንንም ቢሆን ሁልጊዜ ቀኙን ብቻ ነው ጆሮዋ ውስጥ የምትከተው፤ ግራው ደረቷ ላይ ይንጠለጠላል። «ቀኙ ጆሮ የቢሮው፣ ግራው የናንተ» ትላለች ስትቀልድ። በግራ ጆሮዋ ምድጃ ላይ የተጣደውን ድስት፣ የውጪውን በር፣ ግቢ ውስጥ የሚራገጡትን መንታዎች ትጠብቃለች።

ዛሬ ግን አትቀልድም። ግንባሯን በመዳፏ ደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ቅድም ጠርቼሽ ነበር፤ ሙዚቃ ላይ ነበርሽ መሰለኝ።»

ሚጡ ዓይኗን ሰበረች። ጠረጴዛው ላይ ከቢሮው የተመለሱ ወረቀቶች ተበትነዋል። በየገጹ እናቷ «አይሰማም» ብላ የተወችው ቦታ ሁሉ በቀይ ተከቧል፤ አንዳንዱ ገጽ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል። ከሥሩ አለቃዋ ጽፈዋል፦ «የሰኞውም ክፍተት ከበዛበት ሥራውን ለሌላ ሰው ለመስጠት እንገደዳለን።»

«ሦስተኛ ጊዜ መለሱብኝ» አለች እናቷ። «አዲስ መቅጃ ገዝተዋል፣ ትንፋሽ እንኳ አያመልጠውም ይላሉ። እኔን ግን ጥርት ብላ የምትሰማኝ ጠያቂዋ ብቻ ናት። የሚመልሱት ሰዎች ከጎረቤት ግድግዳ ጀርባ የሚያወሩ ነው የሚመስለኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጆሮዬ እየከዳኝ ነው፣ ልጄ። እናቴንም የጀመራት በኔ ዕድሜ ነው። ሰኞ ሄጄ ‹በቃኝ› ልላቸው ነው። እስኪያባርሩኝ ምን አስጠበቀኝ?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቷ በሩ ላይ እየቆመች የጠራቻት ለምን እንደሆነ ለሚጡ አሁን ገባት። «ነይ እስቲ፣ ይቺን ቃል ስሚልኝ» ልትላት ነበር። ድሮም እንደዚያ ነበር የምትላት።

«እስቲ እኔ ልስማው» አለች። የእናቷን ኢርፎን ነቅላ የሄድፎኗን ገመድ ሰካች።

መጀመሪያ ጠያቂዋ መጣች፣ በቀኝ። ከዚያ በግራ በኩል አንድ ሽማግሌ አሳሉ፤ ከመቅረባቸው የተነሳ ሚጡ ደንግጣ ዞር አለች። «አዬ ልጄ፣ አውቶቡሱ ከቀረ ወዲህ እኔ የት እሄዳለሁ?» አሉ ሽማግሌው፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል።

ግራውን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገችው። ሽማግሌው ከግድግዳ ጀርባ ገቡ። መለሰችው፤ ተመለሱ። ቀኙን ስትገልጠው ደግሞ ጠያቂዋ ራቀች። ሚጡ እናቷ ደረት ላይ የተንጠለጠለውን የግራ ኢርፎን አየችው።

«እማ፣ ሰውዬው እኮ በግራ ናቸው።»

«እንዴት በግራ?»

«አዲሱ መቅጃ ጠያቂዋን በቀኝ፣ መላሹን በግራ ነው የሚቀዳው። አንቺ ደሞ በግራ ሰምተሽ አታውቂም!»

ሄድፎኑን አውልቃ እናቷ ራስ ላይ አደረገችላት። እናቷ መጀመሪያ ቅንድቧን ቋጠረች። ቀጥሎ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ትሳቅ ታልቅስ አይለይም ነበር።

«ያስላሉ እኮ!» ብላ ጮኸች፣ ድምፅዋ ለራሷ ስለማይሰማት። «ሰማኋቸው! አልደነቆርኩም!»

ትንሽ ቆይታ ግን ሄድፎኑን አውልቃ መለሰችላት። «በይ፣ አንቺ ፈተና አለብሽ። የኔኑ በሁለቱም ጆሮዬ ካደረግሁት ይበቃኛል።»

ሚጡ ተቀብላ ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። በተከፈተው በር ግን እናቷ ትታያታለች። ሁለቱንም ነጭ ኢርፎኖች ከታ ትጀምራለች፤ መንታዎቹ ሲንጫጩ የግራውን መዥረጥ ታደርጋለች። ትመልሰዋለች፤ ድስቱ ይገነፍላል፤ መዥረጥ። የውጪው በር ሲንኳኳም እንደዚያው። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላችም። የእናቷ የግራ ጆሮ ዕረፍት ኖሮት አያውቅም። ማንም ካልተካት ሁለት ኢርፎን ምን ያደርግላታል?

ሚጡ ሄድፎኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው። አድርጋው ዓይኗን ብትጨፍን ደስ ይላት ነበር። ደክሟት ነበር፤ በጣም። ለምን ሁልጊዜ እኔ? አለች በሆዷ። ግን ተነሳች።

«እማ።»

«አቤት?» የግራው መዥረጥ አለ።

«ቅድም ሙዚቃ አልነበረም። አይቼሽ ነበር። ባለፈውም... አይቼሽ ነበር።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ሚጡ ቁጣውን ጠበቀች፤ ቁጣ ቢመጣ ይቀላት ነበር።

«ደክሞሽ ነው» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «አውቃለሁ።»

ሚጡ ነጩን ኢርፎን ከእናቷ ጆሮ አወጣችና የሄድፎኑን ገመድ ሰክታ በግራም በቀኝም አስተካክላ አደረገችላት።

«ድስቱም መንታዎቹም የኔ ናቸው፣ እስክትጨርሺ።»

«ፈተናሽስ?»

«እያነበብኩ እጠብቃቸዋለሁ።» ከዚያ ጫጫታ ማጥፊያውን ተጫነችው። እናቷ ሌላ ነገር ልትል ነበር፤ በመሃል ፊቷ ረጋ አለ፣ ትከሻዋም ወረደ። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

ሚጡ ምድጃውን ቀነሰች፣ ወንበሯን ጎትታ ማድቤቱና ግቢው የሚታዩበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ሦስት መስመር ሳታነብ መንታዎቹ አንዱ እያለቀሰ፣ አንዱ እየተከሰሰ ግር ብለው ገቡ።

«እማ! እማዬ! ኳሴን ጣራ ላይ ወረወረብኝ!»

እናቷ አልዞረችም። የቁልፎቹ ድምፅ ሳያቋርጥ ይንጣጣል።

«እማ ሥራ ላይ ናት» አለች ሚጡ ደብተሯን አጥፋ እየተነሳች። «ለኔ ንገሩኝ። በየት በኩል ነው የወጣው?»