የረጅሙ ስም አጠራር

እንግሊዛዊው ሽማግሌ ከደረጃው ሥር ወድቀው መጀመሪያ ያየቻቸው ሰብለወርቅ ነበረች። ጣሪያ ላይ አንሶላ ስታጥብ ቆይታ ስትወርድ አገኘቻቸው። ጭንቅላታቸው ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር ተላትሟል፤ ዓይናቸው አልተከደነም። እየሮጠች ወደ ብረቱ በር ሄደች። ተቆልፏል። ለእንግዳ ክፍል የሚያከራዩት አሠሪዋ እትዬ ውብነሽ ከሰዓት በኋላ ሲወጡ ሁልጊዜ ይቆልፉባታል፤ ፓስፖርቷንም ከመጣች ጀምሮ ሣጥናቸው ውስጥ አስቀምጠውባታል።

በሩን በሁለት እጇ እየደበደበች ጮኸች። በዚህ የጅቡቲ ከተማ ሰፈር፣ በካርቲየ 1፣ ያ ሰዓት ጫት የሚቃምበት፣ ሰው ሁሉ ከሐሩሩ ሸሽቶ ቤቱ የሚከተትበት ነው። የጎረቤት ጄኔሬተር ያጓራል፤ ትኩሱ ነፋስ አሸዋ ይበትናል። የሰማት አልነበረም። አሠሪዋ እስኪመለሱ ከሬሳው ጋር ተዘግቶባት ቆየች።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሰማችው ቃል፣ «ምን አደረግሻቸው?» የሚል ነበር።

ለምርመራ የመጣችው ኢንስፔክተር ዙሌይካ ጅቡቲያዊት ብትሆንም አባቷ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ያደገችው ድሬዳዋ ነው። ለፖሊሶቹ በሶማሊኛ ትእዛዝ ሰጥታ ወደ ሰብለወርቅ ስትዞር ከአፏ የወጣው የድሬ ልጅ አማርኛ ነው።

«ተቀመጪ እስቲ፤ እየተንቀጠቀጥሽ ነው። ሰውየው መቼ መጡ?»

«ዛሬ ጠዋት። ሻንጣቸውን እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

እትዬ ውብነሽ ጣልቃ ገቡ። «ምን ይጠየቃል? ቤቱን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ውስጥ የነበሩት እሳቸውና እሷ ብቻ ናቸው።»

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እኔ አለኝ። ጎሳዬም አለው፤ እዚሁ የሚኖር የቆየ ተከራዬ ነው።»

ጎሳዬ ወደብ ላይ የትራንዚት ሠራተኛ ነው። ጉንጩ ገና በጫት እንደተወጠረ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር ሲቅም እንደነበር ተናገረ።

«ለእሷስ?» አለች ዙሌይካ።

«ለሠራተኛ ቁልፍ ይሰጣል እንዴ!»

«ለእንግዳስ?»

እትዬ ውብነሽ ወደ ሟቹ ዞሩ። «ለእንግዳማ ይሰጣል። ዛሬም ሰጥቻቸዋለሁ።»

ዙሌይካ የሟቹን ኪስ አንድ በአንድ ፈተሸች። ቁልፉ የለም። የቀኝ እጃቸውን እጅጌ ገለጥ አድርጋ አየችው፤ አዝራሩ ተበጥሶ ረግፏል፣ ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት ቀልቷል። ፎቅ ወጥታ ስትመለስ፣ «ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሎሚ አለ። አንቺ ነሽ ያቀረብሽው?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለሁም። ሎሚውን በጆግ አቅርቤ ነው ጣሪያ የወጣሁት። ብርጭቆ ያወጣሁት አንድ ነው።»

«ውሸቷን ነው!» አሉ እትዬ ውብነሽ። በሰው አገር፣ ያለ ፓስፖርት፣ ሰብለወርቅን ማን ያምናታል? የብረቱን በር አየችው። አሁን ተከፍቷል፤ ግን ፖሊስ ቆሞበታል።

«እኚህን እንግዳ የሚያውቃቸው ሰው ይኖራል?» አለች ዙሌይካ ጎሳዬን።

«ትናንት አንድ ሐበሻ ወጣት መጥቶ ነበር። ሰብለም አናግራዋለች። ‹ሚስተር ፌዘርስቶንሃው ገብተዋል ወይ?› ሲል ምላሱ ተጠላልፎ አስቆኛል። ሚስተር ፌዘር ብዬ ያሳጠርኩት ያኔ ነው።»

«እኔም ስሙን ከፓስፖርታቸው ስገለብጥ እንደሱ ነው ያነበብኩት» አሉ እትዬ ውብነሽ።

ይህን እየተባባሉ የሟቹ ስልክ ጠራ። ዙሌይካ አንስታ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ማውራት ጀመረች። የሴት ድምፅ ነበር፤ ከዚያ ለቅሶ ሆነ። ዙሌይካ ወደ በረንዳው ወጣችና ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ሰብለወርቅ እንግሊዝኛ ባትሰማም፣ ኢንስፔክተሯ አንዲት አጭር ቃል ለራሷ ደጋግማ ስታንሾካሹክ አየቻት።

ስልኩ እንደተዘጋ ከበሩ ላይ ንግግር ተሰማ። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ከፖሊሱ ጋር ይነጋገራል። ሰብለወርቅ አወቀችው፤ ትናንት በበሩ ፍርግርግ በኩል «እህቴ» እያለ ያናገራት ልጅ ነው።

«ጋሻው እባላለሁ» አለ። «ሚስተር ፋንሻው እንድመጣ ቀጥረውኝ ነበር። ምን ተፈጠረ?»

«ሞተዋል» አለች ዙሌይካ።

ወጣቱ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ወንበር ሰጡት።

«ምንህ ናቸው?»

«ዘመዴ። አያቴ እንግሊዛዊ ነበር፤ በባቡሩ ዘመን እዚህ የሠራ። ሚስተር ፋንሻው የስማቸውን ዘር በየአገሩ ሲፈልጉ በኢሜይል ተገናኘን።»

«ተያይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አናውቅም። ዛሬ ገና ልንተያይ ነበር።»

«በስልክስ?»

«በስልክም አናውቅም። ቀጠሮውንም በኢሜይል ነው የያዝነው።»

ዙሌይካ ራሷን ነቀነቀችና ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩን ራሷ ዘጋችው። አየሩ ታፍኖ የሁሉም ግንባር ላብ አወጣ። ሰብለወርቅ ወለሉ ላይ ልትቀመጥ ስትል ኢንስፔክተሯ ክንዷን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ከዚች ልጅ ልጀምር» አለች ዙሌይካ። «እንግዳው የበር ቁልፍ ነበራቸው፤ አሁን የለም። ፖሊሶቹ ቤቱንም እሷንም ፈትሸው አላገኙትም። እሷ ገድላ ቁልፉን ብትወስድ ኖሮ፣ በሩን ከፍታ ታመልጥ ነበር እንጂ እጇ እስኪላጥ ስትደበድበው ባልተገኘች።»

እትዬ ውብነሽ የልጅቷን እጅ ገና አሁን አዩት።

«ቁልፉን የወሰደው ወጥቶ ከውጭ የቆለፈው ሰው ነው። ወይዘሮ ውብነሽና አቶ ጎሳዬ የራሳቸው ስላላቸው የሟቹን ቁልፍ አይፈልጉትም። ስለዚህ ሰውየው ቁልፍ የሌለው፣ ከውጭ የመጣ ነው። በር የከፈቱለት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛ ብርጭቆ ፈልገው ሎሚ የቀዱለትም እሳቸው። ማንን እንዲህ በደስታ ያስተናግዳሉ? ዘመዴ ነው ብለው ባሕር ተሻግረው የመጡለትን።»

«እኔ አልተያየንም አልኩ እኮ!» አለ ጋሻው።

«ብለሃል። አሁን የደወሉት እህታቸው ናቸው። እኔም ፌዘርስቶንሃው ብዬ ስጠራላቸው አረሙኝ። ስሙ ሲጻፍ ረጅም ነው፤ እነሱ ሲጠሩት ግን ፋንሻው ብቻ ነው። በፊደሉ ላነበበው ላባና ድንጋይ ይመስላል። በጥንቱ ቋንቋቸው ግን አራት ድንጋይ ማለት ነው አሉኝ፤ መጨረሻው ደግሞ የወንዝ ዳር መስክ። ባለ ስሞቹ በጣም ጥቂት ናቸው። ወንድማቸው ሰው ስማቸውን ቢያበላሸውም አያርሙም። ዘመድ ነኝ የሚላቸውን ግን መጀመሪያ ስሙን ጥራልኝ ይሉታል፤ ትክክለኛውን የሚነግሩት ከዚያ በኋላ ነው።»

ጎሳዬ ሳይታወቀው ብድግ አለ።

«ይህ ቤት ውስጥ ማንም ፋንሻው ሲል አልሰማሁም» አለች ዙሌይካ። «ከአንተ በቀር።»

«አያቴ እንደዚያ ነበር የሚለው!»

«አያትህ ካስተማረህ፣ ትናንት በሩ ላይ ለምን ፌዘርስቶንሃው አልክ? ሁለት ሰው ሰምቶሃል። ከትናንት ወዲህ ከማን ተማርከው?»

ጋሻው ወደ መስኮቱ አየ። መስኮቱ ብረት ነው። ከዚያ ትከሻው ወደቀ።

«ወደ የመን ልሻገር በኦቦክ በኩል ሁለቴ ባሕር ገባሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለቴም መለሱኝ። ወደ አገሬ ባዶ እጄን አልገባም፤ እዚህም መኖሪያ የለኝም። ኢንተርኔት ላይ ስሙን አየሁት። ዘመድ የሚፈልጉ ሽማግሌ ናቸው። ባለ ስሙ ጥቂት ከሆነ ዘመድ ይርባቸዋል፣ ይወስዱኛል አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ስሙን ጥራልኝ አሉኝ። ጠራሁት። ፈገግታቸው ጠፋ። ‹ፋንሻው ነው ልጄ፤ የኛ ሰው አይደለህም› ብለው ሊሸኙኝ ተነሡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ደረጃው አፋፍ ላይ ክንዳቸውን ይዤ ለመንኳቸው። እጃቸውን ሲነጥቁኝ ገፋኋቸው። ልገድላቸው አልነበረም።»

ዙሌይካ ካቴና እንዲያስገቡለት ምልክት ሰጠች። ከዚያ ወደ እትዬ ውብነሽ ዞረች።

«የልጅቷን ፓስፖርት ያምጡ።»

«እኔ እኮ በአደራ ነው…»

«አሁን ያምጡት።»

ሰብለወርቅ ፓስፖርቷን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው። ጋሻውን በፊቷ ሲያሳልፉት፣ «አንድ ነገር ልጠይቀው» አለች። ፖሊሶቹ ቆሙ።

«በሩን ስትቆልፍ እኔ ውስጥ መሆኔን ታውቅ ነበር?»

ወጣቱ መሬት መሬት አየ።

«ከጣሪያው የእጥበት ውሃ ሲወርድ አይቻለሁ» አለ። «አውቅ ነበር።»

ሰብለወርቅ አልሰደበችውም፤ አላለቀሰችም። ከፖሊሶቹ ቀድማ በብረቱ በር ወጣችና አሸዋው እየመታት መንገዱ መሐል ቆመች። እትዬ ውብነሽ ከውስጥ ስሟን ጠሩ። ዞራ አላየቻቸውም።