ሐኪሙ ደጃችን የቆሙ ዕለት

ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ፣ ይህን ብዕር የያዘች ቀኝ እጄ ሽባ ትሁን። ምስክር የሚሻ ቡሬ ገበያ ይምጣና የባዬን ስም ይጥራ፤ ሻጩም ገዥውም ሥራውን ጥሎ ይመሰክርልኛል።

ታናሽ እኅቴ ደስታነሽ በልጅነቷ ብርቱ ትኩሳት ይዟት፣ አንገቷ እንደ ግንድ ደርቆ፣ ሁለት ሳምንት ሰው ሳትለይ ተኛች። ተርፋ ተነሣች፤ ግን ከዚያ ወዲህ በድንገት እየወደቀች መንፈራገጥ ጀመረች። መንደሩ «አረፋዋ የነካው ሰው በሽታውን ይወርሰዋል» እያለ፣ በወደቀች ቁጥር ክብሪት ጭሮ ያሸታታል እንጂ እጁን የሚዘረጋላት አልነበረም። አንድ ቀን ባቄላ ስትቆላ እሳት ላይ ወደቀች። ዐርባ ሰው ቆሞ ሲያይ፣ እኔ ብቻ እንደ ነብር ዘልዬ አወጣኋት። ግራ እጇ ግን ተኮማትሮ ቀረ።

በዓመቱ፣ በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ዶክተር ክንፈሚካኤል የሚባሉ የአንጎል በሽታ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ገቡ። ከዚያ ቡሬ ያደረሰቻቸው የእኔ በቅሎ ናት፤ አውቶቡሱን መንገድ ላይ አልፋው ነው የገባችው። በየደጁ እየቆሙ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «ከብርቱ ትኩሳት በኋላ መውደቅ የጀመረ ሰው ቤታችሁ አለ?» የተመዘገበ ሁሉ በየወሩ ክኒን እንደሚያገኝም ተነገረ።

በዚያው ሰሞን ልጄን ለአቶ ታከለ ልጅ ልድር ቃል ሰጥቼ ነበር። አቶ ታከለ ወሬውን እንደ ሰሙ ከሐኪሙ ቀድመው ቤቴ ደረሱ።

«ስማ ባዬ፣ ያችን እኅትህን መዝገብ ላይ እንዳታስጽፍ! የሚጥል በሽታ ካለበት ዘር ጋር ልጄን አላጋባም። ነገ የልጅ ልጆቼ በየሜዳው ሊወድቁ ነው?»

«በዘር የመጣ ቢሆን እኔስ አልወድቅም ነበር?» አልኳቸው። ድምፄ ግሽ ዓባይ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። «እኅቴን ደብቄ ልጄን ከምድራት፣ ልጅዎ ይቅርብኝ!»

ሐኪሙ ሲመጡ ደስታነሽን እጇን ይዤ አወጣኋት። መረመሯትና ለተሰበሰበው ሕዝብ እንዲህ አሉ፦

«ያ ትኩሳት አንጎሏን አሳብጦና አቁስሎ ነበር። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ትቷል። የሚጥላት ያ ጠባሳ ነው እንጂ ጋኔን አይደለም፤ በአረፋም አይተላለፍም። ስትወድቅ ከእሳት አርቁአት፣ በጎኗ አስተኙአት፣ እስክትነቃ አጠገቧ ሁኑ።»

«እኛስ ክብሪቱን እንድትነቃ ብለን ነው» አለች ጎረቤታችን ውቢት በኀፍረት።

«ክብሪቱን ምድጃችሁን ለኩሱበት» አሏት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደስታነሽ ወድቃ አታውቅም። አቶ ታከለም ይቅርታ ጠይቀውኝ፣ ሰባት ሰንጋ ጥዬ ልጄን ዳርኩ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የታመመ ዘመዳችሁን ጋብቻ ይበላሻል ብላችሁ አትደብቁ። የጓዳ በር ለተዘጋበት ሰው መድኃኒት አይደርሰውም። ሲወድቅም አትሽሹት፤ ከበሽታው ይልቅ የሚገድለው የእናንተ ቆሞ ማየት ነው።

ይህን ጽፌ እንደ ጨረስኩ ለራሷ ለደስታነሽ አነበብኩላት። በደኅናው እጇ ምስር እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ምክሩስ ጥሩ ነው ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «እጄ ግን የተቃጠለው ሐኪሙ ከሄዱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በጾሙ ነው። ያወጣችኝም ውቢት ናት።»

«እንግዲህ… ዓመቱ ተምታቶብኝ ይሆናላ» አልኩ።

«ክኒኑንም ያገኘሁት በሁለተኛው ዓመት፣ ውቢት ፍኖተ ሰላም ወስዳኝ ነው። ሐኪሙ ያንን ሁሉ የተናገሩትም በእሷ ደጅ ነበር።»

ወረቀቱን አጠፍኩት። ደስታነሽ አንዲት ጠጠር ከምስሩ ለቅማ ጣለች።

«ያን ዕለት እርስዎ ጓዳውን ቆልፈውብኝ ነበር። ግድግዳው ጭቃ አይደል፣ ድምፅ ያሳልፋል። ሐኪሙ ‹እኅት የለህም ወይ?› ብለው ሲጠይቁዎት ሰምቻለሁ። እርስዎም ‹አንዲት ነበረችኝ፤ በትኩሳቱ ሞታለች› ብለው መለሱላቸው።»