ስፓኒሽ አንድ

ሌቲ ከፈተናው ክፍል ስትወጣ ፊቷ ቅጭም ብሎ ነበር፤ በሩ ከኋላዋ እንደተዘጋ ግን ጥርሷ ሁሉ ወጣ።

«ስፓኒሽ አንድ!» አለች በሹክሹክታ። «ቀላል ነው ብዬሽ አልነበር? ቀዩን ሰማያዊ አልኳት፣ ማክሰኞን ሐምሌ አልኳት። ልጅቷ አዝናልኝ ውኃ ሁሉ ሰጠችኝ እኮ!»

ዳማሪስ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ቀጣይዋ ተፈታኝ እሷ ናት።

«ስሚኝ» አለች ሌቲ፣ የጓደኛዋን ኮሌታ እያስተካከለች። «መጀመሪያ 'እ...' ትያለሽ። ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለሽ። ከሦስት ቃል በላይ እንዳታወጪ። አፍሽን ከፈታሽ ስፓኒሽ ሦስት ክፍል ይወረውሩሽና ድርሰት ስትጽፊ ትከርሚያለሽ። እኔ የለሁበትም!»

ዘዴው የሌቲ ፈጠራ አይደለም። በዚህ የሰሜን ኒው ሜክሲኮ ሸለቆ ያሉ ልጆች ከታላላቆቻቸው የወረሱት ነው። አሥራ አንደኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ከእረፍት መልስ ኮሌጅ እየሄደ አንድ ኮርስ መውሰድ ይፈቀድለታል። ታዲያ ቤቱ ስፓኒሽ ሲነገር ያደገ ልጅ የደረጃ መለያ ፈተናው ላይ ቀርቦ ቋንቋውን ሰምቶት እንደማያውቅ ይሆናል፤ ከዚያ «ስሜ እገሌ ነው» ከሚሉ ጀማሪዎች ጋር ተቀምጦ እያዛጋ ኤ ይወስዳል። ሌቲ መኪና አላት። ማክሰኞና ሐሙስ አብረው ሊመላለሱ፣ መንገድ ላይ በቂጣ የተጠቀለለ፣ ቃሪያ የበዛበት ቡሪቶ እየገዙ ሊበሉ ተማምለዋል።

ዳማሪስ ኤዋን ትፈልጋታለች። ግን ለሌቲ ያልነገረቻት ሌላም ምክንያት ነበራት። ባለፈው ዓመት ከሜክሲኮ፣ ከቺዋዋ የመጣ አንድ አዲስ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ስፓኒሽ ስታወራ ሰምቷት «ቅድመ አያቴ እንኳ እንዲህ አታወራም!» ብሎ ጠረጴዛውን ሁሉ አስቆባት ነበር። ቤት ገብታ ለአባቷ ስትነግረው አባቷ እንደ ጠበቀችው አልተቆጣም። «ልጁ እውነቱን ነው» አለ፣ ከመንገድ ሥራ ያመጣውን ጭቃ ከጫማው ላይ እያራገፈ። «የኛ የወጥ ቤት ስፓኒሽ ነው። ለፍየልና ለጎረቤት ይበቃል። የኮሌጁ ሌላ ነው።» ከዚያ ቀን ወዲህ ዳማሪስ አንድ ነገር ገብቷታል፤ አላውቅም ባለ ሰው ማንም አይስቅም።

«ዳማሪስ አርቹሌታ?»

በሩ ላይ የቆመችው ፈታኝ ወጣት ናት፤ ከተማሪነት ገና አልወጣችም። ቁመቷ መለሎ፣ ጸጉሯ ቅንድቧ ሳይቀር እንደ ገለባ የነጣ። ደረቷ ላይ «ሶልቬግ» የሚል ስም፣ ከስሙ ሥር ደግሞ «የስፓኒሽ ሜጀር፣ አራተኛ ዓመት» የሚል ተጽፏል። ዳማሪስ ሁለተኛውን መስመር መልሳ አነበበችው። ይቺ ሴት አራት ዓመት ሙሉ የተማረችው እንደ እትዬ ክሌታ ያሉ የሸለቆው አሮጊቶች ዶሮ የሚያባርሩበትን ቋንቋ ነው? ምን ነክቷት? ልትጠይቃት ፈለገች፤ ግን ለመጠየቅ አፍ መፍታት ሊኖርባት ነው።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለች ሶልቬግ በስፓኒሽ፣ ወንበር እያሳየቻት። «እስቲ ስለ ቤተሰብሽ ንገሪኝ።»

ዳማሪስ ጣሪያውን አየች። «እ... እኔ... አለ ወንድም። ወንድም አንድ። ወንድም... በጣም ትልቅ።»

«ጎበዝ! ምን ይሠራል ታዲያ?»

«ይሠራል... አዎ።»

«እሺ። አንቺስ ምን መብላት ትወጃለሽ?»

«እኔ ይወዳል ዶሮ። ዶሮ... ሰማያዊ።»

ሶልቬግ አልሳቀችም። «ሰማያዊ ዶሮ» ብላ ራሷን በአዘኔታ ነቀነቀችና ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች። ዳማሪስ በውስጧ ልትፈነዳ ደረሰች። ሌቲ ትስማ!

ጥያቄው እየቀጠለ ሲሄድ ግን ጆሮዋ ሥራውን ትቶ ሌላ ነገር መከታተል ጀመረ። ሴትየዋ አንዳንዴ ትሳሳታለች። ስትሳሳት «ቆይ፣ አበላሸሁት» ትልና ስቃ፣ አስተካክላ ትቀጥላለች፤ እንደገና ትሳሳታለች፣ እንደገና ትቀጥላለች። ይባስ ብሎ አነጋገሯ መሀል መሀል ላይ የዚህ ሸለቆ ሽማግሌዎች ቃላት ጣል ያደርጋል። ከየት አመጣችው? ከመጽሐፍ እንዳልሆነ ዳማሪስ እርግጠኛ ነበረች።

«አሁን የምታዳምጪው ታሪክ አለ» አለች ሶልቬግ። ወረቀቱን አነሳች፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ስለጠፋበት ሰውዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሻንጣውን ሳስጠፋበት ዋልኩ፣ ምስኪን! ሰለቸኝ። የራሴን ልንገርሽ፤ የገባሽን ትነግሪኛለሽ።»

ዳማሪስ እንዳልገባት ሰው ዓይኗን አርገበገበች።

«እዚህ ኒው ሜክሲኮ እንደመጣሁ አስተማሪያችን 'መጽሐፉን ዝጉ፣ ሰው የተሰበሰበበት ሂዱና አውሩ' አሉን። እኔ የሚኒሶታ ልጅ ነኝ፤ እኛ ጋ ሳይጠሩት የሚሄድ የለም። ግን ታዛዥ ተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ዕለት በመኪና ሳልፍ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በሰው ተሞልቶ አየሁ። ጊታር አለ፣ ሳቅ አለ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ምግብ ተደርድሯል። ገባሁ። ማንም ማነሽ አላለኝም፤ ሳህን ሰጡኝ። ፖሶሌ በላሁ። ያ የበቆሎ ሾርባችሁ ሲጣፍጥ! ደገምኩ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አዋራሁ። መጨረሻ ላይ ጥግ ወደተቀመጡ አንዲት አሮጊት ሄጄ እጃቸውን ያዝኩና 'እንዴት ደስ የሚል ግብዣ ነው! በየሳምንቱ ነው የምታዘጋጁት?' አልኳቸው።»

ዳማሪስ ከንፈሯን ነከሰች። ጣሪያውን አየች። ጣሪያው አልረዳትም።

«ቀና ብለው አዩኝና 'አይ የኔ ልጅ' አሉኝ፤ 'ባሌ የሞተው አንዴ ብቻ ነው።'»

ሳቁ መጀመሪያ በዳማሪስ አፍንጫ ወጣ። አፏን በእጇ ያዘች፤ በጣቶቿ መሀል አመለጣት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

«አንቺ ነሽ እንዴ?!» አለች እንባዋ እየወረደ። «የጋሽ ዴልፊኖን የቀብር ምሳ ደግመሽ የበላሽው ፈረንጅ አንቺ ነሽ?! ያን ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ቀርቼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል እኮ! በየገናው ይኸው ወሬ ነው። አጎቴ ሲያስመስልሽ ብታዪው፣ ሳህን ይዞ ቤቱን ይዞራል!»

ይህን ሁሉ ያለችው በስፓኒሽ ነው። በወጥ ቤቱ።

የሶልቬግ ፊት እስከ ጆሮዋ ቀላ። «አሮጊቷን ታውቂያቸዋለሽ?»

«እትዬ ክሌታ? የአባቴ አክስት ናቸው» አለችና ዳማሪስ አፏን ያዘች። ምን እንደሠራች ገና አሁን ገባት።

በሩ ገርበብ ብሎ የሌቲ ራስ ብቅ አለ። «አልጨረሳችሁም?» አለች በእንግሊዝኛ፣ በጨዋ ድምፅ። ዓይኗ ግን ዳማሪስ ላይ ተተክሎ ሌላ ይላል፤ አፍሽን ዝጊ! በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

ሶልቬግ አልተቆጣችም። «ሰማያዊዋን ዶሮ ግን አምኜሽ ነበር» አለች። ከዚያ ብዕሯን ይዛ፦ «ጥያቄው አልተመለሰም። የነገርኩሽ ታሪክ ምን ነበር? የፈለግሽውን ያህል ንገሪኝ፤ ደረጃሽን የምጽፈው በዚህ መልስ ነው።» ዝቅ ባለ ድምፅም ጨመረች፦ «ሰው ይስቅበታል፣ እኔም እያሳቅሁ ነው የማወራው። ግን ያን ቀን ሳህኑን ጥዬ ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አልፌ አላውቅም፤ ዞሬ ነው የምሄደው። ባላቸውን በቀበሩበት ቀን እንዲያ ማለቴ...»

ዳማሪስ ደነገጠች። ይቺ ሴት የወሬውን ግማሽ ብቻ ነው የምታውቀው! እስከ ዛሬ ግማሹን ይዛ ስታፍር ኖራለች።

ቀላሉ መልስ ምላሷ ላይ ነበር። ሰው... ሞተ። ሴት... በላ። በቃ፤ ስፓኒሽ አንድ፣ ኤ፣ የሌቲ መኪና፣ ቡሪቶ። የቀረውን በእንግሊዝኛ ልትነግራት ትችላለች። ግን የእትዬ ክሌታ ነገር በእንግሊዝኛ ተወርቶ አያውቅም፤ እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ይሆናል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለች። በስፓኒሽ ነው። «ስትሳሳቺ አታፍሪም?»

«አፍራለሁ እንጂ! ግን ዝም ካልኩ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስልኝ ሳልሰማ እቀራለሁ። እሱ ይብስብኛል።»

«ስፓኒሽ ሦስት ውስጥ ምንድነው የምትማሩት?»

«ትከራከሪያለሽ። እኛ አንድ ወር ሙሉ፣ የዚህ ሸለቆ ሰው አነጋገር ለምን ከሌላው ተለየ በሚል ስንጨቃጨቅ ከረምን።»

«የተበላሸ ስለሆነ ነዋ!»

«ማን አለሽ?»

«አባቴ። አንድ የቺዋዋ ልጅም።»

«እዚያ ክፍል ገብተሽ እንዲህ ብትይ ግማሹ ይነሣብሻል» አለች ሶልቬግ ፈገግ ብላ። «እኔ ራሴ እነሣብሻለሁ። አሁን ግን መልሱን ልነግርሽ አልችልም፤ ረጅም ነው።»

ዳማሪስ ረጅሙን መልስ ፈለገችው። በጣም ነው የፈለገችው። ፍርሃቷም አልለቀቃትም። በስፓኒሽ ጽፋ የምታውቀው ለእናቷ «ደርሻለሁ» የሚል መልእክት ብቻ ነው።

«ከሮጥሽ በኋላ ምን እንደሆነ አታውቂም» አለች በመጨረሻ።

«ምን ሆነ?»

«እትዬ ክሌታ፣ ጋሽ ዴልፊኖ ከሞቱ ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመሱም ነበር። ልጆቻቸው ለመኑ፣ ቄሱ ተቆጡ፤ ወይ ፍንክች! አንቺ ስትሮጪ ዝም ብለው በሩን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰው አለቀሱ ብሎ ከበባቸው፤ ለካ እየሳቁ ነው። እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ ከዚያ የእውነት አለቀሱ። እናቴ ስትነግረኝ፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ያለቀሱት ገና ያኔ ነው ብላኛለች። ከዚያ ዓይናቸውን ጠረጉና 'ያቺ ልጅ እንዲያ የበላችው ቢጣፍጥ ነው፤ እስቲ ለኔም አምጡልኝ' አሉ።»

ሁለት ቦታ ላይ ቃል አጥታ ቆማለች። አንዱን እንደ አባቷ አለችው፤ ሌላውን በእጇ አሳየች። ጣሪያውን ግን አላየችም።

ሶልቬግ መዳፏን አፏ ላይ ጭና ነበር። «በሉ?»

«ሁለት ሳህን። እንዳንቺው።»

ሶልቬግ ስቃ ዓይኗን ጠረገች። ብዕሯን አነሣችና ወረቀቱ ላይ «አንድ» ከሚለው ከላይኛው ሣጥን አልፋ ወደታች ወረደች። ዳማሪስ አየቻት፤ አላስቆመቻትም።

ኮሪደሩ ላይ ሌቲ የመኪናዋን ቁልፍ እያሽከረከረች ትጠብቃታለች። «አንድ ነው አይደል? አንድ በይኝ።»

«ሦስት።»

«አብደሻል?!» ሌቲ ፈነዳች። «ስንማማል ከርመን! በምን ልትመላለሺ ነው፣ በአህያ? ማነው ድርሰትሽን የሚጽፍልሽ? እኔ ብቻዬን ከነዚያ 'ስሜ ማነው' ባዮች ጋር ዓመት ሙሉ ላዛጋልሽ ነው? ደግሞ ስታሽካኪ ሰምቼሻለሁ! እኔን እዚህ ገትረሽ፣ ከፈታኝ ጋር ቁጭ ብለሽ ታሽካኪያለሽ! እንዲህ ነው ጓደኛ? ቡሪቶውን ራስሽ ግዢ ከዛሬ ጀምሮ!»

ሁለቱም እናቶቻቸው ሲገሥጿቸው ያደጉት በስፓኒሽ ነው፤ ስለዚህ ለቁጣ ሌላ ቋንቋ የላቸውም። ሌቲ አንዲት ቃል አልጠፋችባትም፤ አንዴም «እ...» አላለችም። ዳማሪስ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ልቧ ከፍቷት ነበር፤ ከሌቲ ጋር እንዲህ ተጣልተው አያውቁም።

«ይቅርታ፣ ቃሌን አፍርሻለሁ» አለቻት። «ግን ይኼን ሁሉ አሁን በምን ቋንቋ እንደተሳደብሽ ሰምተሻል?»

ሌቲ ቁልፉን ማሽከርከሯን አቆመች።

ዳማሪስ ግድግዳው ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና በአገጯ ወደ ፈተናው ክፍል አመለከተች።

«ፈታኟ ገና አልዘጋችም» አለች። «ከፈለግሽ ተመልሰሽ ግቢና ተፈተኚ፤ እጠብቅሻለሁ።»

ሌቲ ቁልፏን በእጇ እያገላበጠች በሩን ትመለከተው ጀመር።