ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ

ሹዘንን ያጣሁት በገዛ እጄ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ «ዕድሌ ነው» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው።

አባቴ በቻይና፣ በጂያዲንግ ከተማ የታወቀ የቀርከሃ ቀራጭ ነበር። ለጸሐፊዎች ጠረጴዛ የብሩሽ ማስቀመጫና ሲጽፉ ክንዳቸውን የሚያሳርፉበት የእጅ ማስደገፊያ ይሠራል። ቀርከሃው ተቀቅሎ ጣሪያ ሥር ሦስት ዓመት ካልደረቀ ቢላ አያስነካውም። ሹዘን ስምንት ዓመት አብሮን የኖረ ተማሪው ነበር። ከሥራው ቀና ሲል ዓይን ለዓይን እንጋጫለን፤ ሁለታችንም እንደ ሌባ እንደነግጣለን።

«መምህር፣ ሱዪንን ይስጡኝ» ብሎ አንድ ቀን እኔን ለሚስትነት ጠየቀው፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ።

«የእጅ ማስደገፊያ ቀርጸህ አሳየኝ። ከወደድኩት ውሰዳት። ግን ፍጠን፤ በመኸር የሩዝ ነጋዴው አማላጆች ለልጁ ሊጠይቋት ይመጣሉ።»

የደረቀው ቀርከሃ አልቆ ነበር። እኔ ደግሞ መቼ አስችሎኝ! ዓመት ያልሞላውን መዝዤ ምድጃ ጥግ አደረቅሁና ሰጠሁት።

«በደንብ ደርቋል?»

«የቀራጭ ልጅ እኮ ነኝ! ምን ትጠይቀኛለህ?»

«እሺ እመቤቴ፣ አትቆጪኝ» ብሎ ሳቀ። አመነኝ።

ጥድ ሥር ጫማውን አውልቆ የተኛ ሽማግሌ ቀረጸበት። አባቴ አይቶት ከልቡ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ግን ቀርከሃው የሽማግሌውን ፊት ለሁለት ከፍሎ ተሰነጠቀ።

«ማነው ይሄን የመረጠው?» አለ አባቴ።

ሹዘን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለ።

አባቴ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ቆየ፤ በጣም ቆየ። እኔ ግን እውነቱን አላወጣሁም፤ ጋብቻውም ቀረ።

በማግስቱ ሹዘን መሣሪያዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። ከመስኮቱ ኋላ ሆኜ አየሁት፤ አልወጣሁም። ሱዡ ከተማ ሄዶ ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ ሲሉ ሰማሁ። የነጋዴውን ልጅ እንቢ አልኩና የሹዘን ወንበር ላይ ተቀምጬ መቅረጽ ያዝኩ። ጎኔ ሆኖ የሚያስል ሰው እንኳ ይናፍቀኛል።

ባለፈው ክረምት አባቴ ታሞ ሳጎርሰው፣ በመጨረሻ እውነቱ ከአፌ ወጣ።

«አባባ፣ ያን ቀርከሃ ለሹዘን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ጣሪያ ሥር ያለውን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። አንዲት ቃል ብትተነፍሺ እድራችሁ ነበር። ያን ዕለት አፍ አፍሽን እያየሁ ነበር እኮ የጠበቅሁት።»

ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሹዘን ከሄደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።