ባንዲራው ከወረደ በኋላ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነበር።

ኅዳር ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች።

ቦዲል እባላለሁ። ዴንማርክ ውስጥ፣ ንጉሣውያኑ የሙቀቱን ወራት በሚያሳልፉበት የሐይቅ ዳር ቤተ መንግሥት የቤት ሠራተኛ ነበርኩ።

የዚያን ቀን ጠዋት ቤተሰቡ ወደ ከተማ ሄዷል፤ ባንዲራውም ወርዷል። ባንዲራው ወረደ ማለት ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነው። የእኛ ሥራ ዕቃውን በነጭ አንሶላ መሸፈን ነው።

እማዬ እዚህ ቤት አርባ ዓመት አገልግላለች። በእሷ ጊዜ ከንጉሣውያኑ አንዱ ሲያልፍ ሠራተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ደንቡ ከቀረ ቆይቷል። ሥራ ስጀምር ግን እጄን ይዛ፣

"በባዶ ቤት የከዘራ ድምፅ ከሰማሽ... ዙሪ" አለችኝ።

"የማን ከዘራ?"

"ዙሪ አልኩሽ!"

ከዚያ በኋላ ደግማ አላነሳችውም።

አለቃችን ወይዘሮ ዳግማር ትባላለች። ከከተማ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ዓይንሽን ላፈር ብላኛለች። እኔም ብሆን አልወዳትም ነበር።

የግብር አዳራሹን ወንበሮች አንድ በአንድ ሸፈንን። አሥራ ሁለተኛውና የመጨረሻው ላይ ስንደርስ መቀመጫውን ዳሰሰችና ቀጥ አለች።

"ይሞቃል... ተቀምጠሽበታል!"

"ኧረ በፈጣሪ፣ እሜቴ! ከጎንዎ መቼ ተለየሁ?"

"ታዲያ ማን ነው? እኔ ነኝ?"

ነካሁት። እውነትም ይሞቃል... አሁን ሰው የተነሳበት ይመስላል።

"በቃ! ነገ እናትሽን ተሸክመሽ ቤቱን ልቀቂ።"

ግቢው ውስጥ ያለችው ቤታችን ከሥራዬ ጋር የተሰጠችን ናት። እማዬ ደግሞ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያ ብርድ የት አደርሳታለሁ? ወይዘሮ ዳግማር እግር ላይ ወድቄ ለመንኳት።

"አልቃሻ! በእንባሽ ወለሉን ወልውይበት።"

ያኔ ነው ከኮሪደሩ የተሰማው።

ኳ...

ኳ...

የእግር ኮቴ የለም። ከዘራ ብቻ።

ሳላስበው ተነስቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ወይዘሮ ዳግማር በሳቅ ፈነዳች።

"ለማን ነው የዞርሽው? ለአይጥ? ባንዲራው ወርዷል እኮ፣ አንቺ ገጠሬ!"

ኳ... በሩ ጋ ደረሰ።

አንድ ቃል ነበረች... "ይዙሩ"። አፌ ላይ መጥታ ነበር።

እማዬን አሰብኩ። ቤታችንን አሰብኩ።

ቃሏን ዋጥኳት።

ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ።

"እርስዎ..." አለች በሹክሹክታ። "እኔ... አላወቅሁም... አላወቅሁም..."

ወገቧ ላይ ያለው የቁልፍ ዘለላ አንዴ ብቻ ቅጭል አለ። ከዚያ ጸጥ።

ከዘራው መጥቶ ተረከዜ አጠገብ ቆመ። ማጅራቴ ቀዘቀዘ። አልተነፈስኩም። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም...

ኳ... ኳ... እየራቀ ሄደ።

ስዞር ወይዘሮ ዳግማር የለችም፤ የቁልፍ ዘለላዋ ብቻ ወለሉ ላይ ቀርቷል። የመጨረሻውን ወንበር ገና አልሸፈንነውም ነበር፤ አሁን ተሸፍኗል። ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ።

አሥራ ሦስት።

አሥራ ሦስተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

ሐይቁን ሦስት ቀን አስሰው አጧት። ልታባርረኝ እንደነበር ለማንም አልተነፈስኩም። እማዬም በገዛ ቤቷ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ አረፈች።

ዛሬ የቁልፉ ዘለላ ያለው እኔ ወገብ ላይ ነው። በሙቀቱ ወራት ወንበሮቹ አሥራ ሁለት ናቸው። በየኅዳሩ ባንዲራው ሲወርድ ግን አሥራ ሦስተኛው ከእኔ ቀድሞ ተሸፍኖ ይጠብቀኛል። አንሶላውን ገልጬው አላውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጀርባውን ነበር የማየው። ከዚያ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከግድግዳው እየዞረ መጣ።

ዘንድሮ ከአንሶላው ሥር የአፍንጫና የአገጭ ቅርጽ በጎን በኩል ታየኝ...

ወደ እኔ ሊዞር ጥቂት ነው የቀረው።