ሦስቴ አጥቤዋለሁ ያለው ሰው

ቀረብ በሉ። አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ አንተም ቀረብ በል። በሩን ዝጋው። ዘጋኸው? እንግዲህ እኔ ላውራ፣ እናንተ እንዳትተኙብኝ።

ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ቁጥቋጦ። በዚያ መንገድ አንዲት አሮጌ ቫን ብቻዋን ትሄዳለች። ውስጧ አንድ ሰው አለ። ጓንጉል ይባላል። በዚህች ቫን ሰውም እህልም እየጫነ ገበያ ይመላለሳል። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም። ዘመዶቹ አሉ።

ያን ሌሊት ጓንጉል ፈርቷል። ምን ፈራ? ገደሉን? ገደሉን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ጅብ? ጅብ መኪና አይበላም። ጓንጉል የፈራው ደርበውን ነው። ደርበው ደግሞ ከሞተ ሠላሳ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

ደርበው ማን ነው? በያጅ ነው። በዚያ አገር ብረት ከብረት የሚያጋባ እንደሱ ያለ አልነበረም። ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። የብየዳ ጭስ አፍንጫውን ገድሎበታል። ሽንኩርት ቢያርር አይሸተውም፣ ቤንዚን ቢፈስም አይሸተውም። ስለዚህ የመኪና ነዳጅ መያዣ፣ ያን ሾፌሮች ሳልባትዮ የሚሉትን፣ ሊያስበይድ የመጣውን ሰው ሁሉ ያስምል ነበር።

«ቤንዚኑ ቢደፋ ትንፋሹ ይቀራል» ይላል ደርበው። «ባዶ ሳልባትዮ ከሙሉው ይከፋል። በፈላ ውሃ ሦስቴ እጠበውና አምጣ። ከዚያ እጅህን ላዩ ላይ አድርገህ ማልልኝ።»

ሰውም ያጥባል፣ ይምላል። ለደርበው አፍንጫው የሰው መሐላ ነበር።

ጓንጉል ሳልባትዮውን ማሰፋት ፈለገ። ማደያው ሩቅ ነው፣ ሳልባትዮው ትንሽ ነው፣ መንገድ ላይ ነዳጅ ያልቅበታል። ቆርቆሮ ቀጥሎ እንዲያሰፋለት ከደርበው ጋር ተነጋገረ። ያን ጊዜ ውሃ ከወንዝ በአህያ ነው የሚመጣው። በማግሥቱ ደግሞ ገበያ ነው። ጓንጉል ምን አደረገ? አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ውሃ ጨመረ፣ ወዘወዘ፣ ደፋ። «አንዴም ሦስቴም ያው መታጠብ ነው» አለና ተሸክሞት ሄደ።

«ስንቴ አጠብከው?» አለው ደርበው።

«ሦስቴ።»

«በፈላ ውሃ?»

«በፈላ ውሃ። ሚካኤልን።»

ቀኝ እጁንም ላዩ ላይ አደረገ። ደርበው ጭምብሉን ፊቱ ላይ አወረደ። ጓንጉል ያን ጊዜ «መጣሁ» ብሎ ከግቢው ወጣ። ለምን ወጣ? እናንተው ፍረዱ። ከአጥሩ ሳይርቅ ሳልባትዮው ፈንድቶ ምድር ተናጋ። ደርበው የሆነውን አልነግራችሁም፤ እራታችሁን በልታችኋል።

ለቅሶው ላይ የደርበው ሚስት ይታይሽ ሰው ሁሉ ባለበት ጠየቀችው። «ወንድሜ ጓንጉል፣ ሳልባትዮው ታጥቦ ነበር?»

ጓንጉል መሬት መሬት አየ። «ታጥቦ ነበር እህቴ። እሱ ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠጥቶ ነበር መሰለኝ።»

ደርበው ጠላ እንኳ በአፉ አዙሮ አያውቅም። ግን ሬሳ መልስ አይሰጥ። ሦስት ቀን ሳይሞላ «ሰካራሙ በያጅ» የሚል ስም ወጣለት። ይታይሽ ወንዝ ስትወርድ ከኋላዋ ይሉታል። የባሏ ሞት አንሶ ስሙንም አብረው ቀበሩባት። ይሄን ሳወራ እስከ ዛሬ ያመኛል።

እንግዲህ ወደ መንገዱ እንመለስ። ጓንጉል ከወደቀ መኪና ላይ ሌላ ሳልባትዮ ፈትቶ ገጥሟል። እየነዳ ነው። ምን ሰማ?

ኳ። ኳ። ኳ።

ከሥር ነው። ብየዳው ሲበርድ በያጅ ቅርፊቱን በመዶሻ የሚመታው ዓይነት ነው። ቆመ፣ ወረደ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። ምንም የለም። ነዳ። መታጠፊያው ላይ አንድ ሰው ቆሟል። እጁን አነሣ። ጓንጉል አልቆመም። ደግ አደረገ? ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ያው ሰው ቆሟል። አሁን የብየዳ ጭምብል አጥልቋል። ጓንጉል ነዳጅ ሰጠ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ጠፋ። በሩ ተከፈተ። ሰውዬው ገብቶ ጎኑ ተቀመጠ።

«እንደምን አመሸህ ጓንጉል» አለው። ከዚያ በጭምብሉ ውስጥ አየር ሳበ፤ በረጅሙ። «አሁን ይሸተኛል» አለ።

ጓንጉል ወደ በሩ ተጠጋ።

«ስንቴ አጠብከው?»

«ሦስቴ።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

«ስንቴ?»

«አንዴ። አንድ ጆግ።»

«እኔ ጠጥቼ ነበር?»

«አልጠጣህም ጋሼ። ማረኝ።»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ እዚያው ነበርኩ። ነገ አርባዬ ነው። ሰው ሁሉ ባለበት ለይታይሽ ትነግራታለህ። እጅህን አምጣ። ማል።»

ጓንጉል ቀኝ እጁን በደርበው እጅ ላይ አድርጎ ማለ። እንደ ምጣድ ይፋጃል።

በማግሥቱ ተዝካሩ ላይ ጓንጉል ተገኘ። በላ፣ ጠጣ። ይታይሽ ፊት ለፊቱ ናት። ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ግን ፀሐይ ሞቃለች፣ ልጆች ይጫወታሉ። በቀን መንፈስ ማን ይፈራል? «ነፍሱን በገነት ያኑርልን» ብሎ ተቀመጠ።

ማታ መኪና አልነዳም። ሞኝ አይደለም። ቤቱ ገባ፣ በሩን ቆለፈ፣ በግንድ ደገፈው፣ ተኛ። ስድስት ሰዓት ሆነ።

ኳ። ኳ። ኳ።

ከየት ነው? ከበሩ? አይደለም። ከጣሪያው? አይደለም። ከአልጋው ሥር ነው። «ጓንጉል» አለ ድምፁ፣ «አንተም ትሸተኛለህ።»

በባዶ እግሩ፣ በሸሚዙ፣ እየጮኸ ይታይሽ ደጅ ደረሰ። «እህቴ፣ አንዴ ነው ያጠብኩት። በሐሰት ነው የማልኩት። ባልሽ አልጠጣም።»

ይታይሽ በሩን ከፈተች። አየችው። አላለቀሰችም።

«ጮክ በል» አለችው። «ጎረቤት አልሰማም።»

ጮኸ።

«ጮክ በል። ወንዝ ማዶ ያሉት አልሰሙም።»

መንደሩ ሁሉ ነቅቶ ወጣ። እስኪነጋ አስጮኸችው። ሲነጋ ድምፁ ተዘጋና እዚያው ደጇ ላይ ወድቆ ሞተ። ገናዦቹ ቀኝ እጁን ሊዘረጉ ቢሉ አልዘረጋ አለ። አምስቱ ጣቶቹ እንደ ብረት ተበይደዋል። እንዲሁ ተቀበረ።

አለቀ? አላለቀም። ጓንጉል ለቅሶው ላይ «ጠጥቶ ነበር መሰለኝ» ነው ያለው። «ሰካራሙ በያጅ» ብሎ ስም ያወጣው ግን ጓንጉል አይደለም። ሌላ ሰው ነው። ጎረምሳ ነበር፤ ለቀስተኛ ሊያስቅ ብሎ ነው ያወጣው። ሰውም ሳቀለት። ይታይሽ እስክትሞት ድረስ ይቅር በይኝ አላላትም፤ አፈረ። አሁን ሸምግሏል። ብቻውን አይተኛም። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሰው ሰብስቦ ያወራል።

እናንተም በማታውቁት ሰው ስም አትሳቁ። በሌሊት ብቻችሁን አትሂዱ።

ምን ታዩኛላችሁ? አዎ፣ እኔ ነኝ። ቤቴ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው። ዛሬ ማን ይሸኘኛል?