አራተኛው ገጽ

«እዚህ ጋ ይፈርሙልኛል፣ እዚህ ጋ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እዚህ ጋ» አለ የክፍያ ማሽን ድርጅቱ ወኪል፣ ውሉን የላውንደሪው ካውያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ።

የልጅቷ እናት እጇን በሽርጧ ጠራርጋ እስክሪብቶውን ተቀበለች። «ልጄ አንብባዋለች። ሁለት ድርጅት አወዳድራ ነው እናንተን የመረጠችው። ሰፈሩ ሁሉ 'ምሁሯ' የሚላት በከንቱ መሰለህ?»

ምሁሯ በተሰቀሉት ኮቶች መሃል ቆማ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ተመኘች። የቱን አንብባ! ደንበኛ ሁሉ «ካርድ አትቀበሉም? በስልክስ?» እያለ ሌላ ላውንደሪ መሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ የክፍያ ማሽን ማስገባት ለቤቱ የሞት ሽረት ሆኗል። እናቷ የሁለቱንም ድርጅቶች ውል ሰጥታት «የኔ ዓይን ጥቃቅን ጽሑፍ አይችልም፤ የሚሻለውን ምረጪልኝ» ካለቻት ሳምንት አልፏል። በማግስቱ እናቷ በሌለችበት ይኼው ወኪል መጣና ኤርፎን ሰጣት። «ኮሚሽናችን ከዚያኛው በግማሽ ያንሳል። ነቄ ልጅ ነሽ፤ ዝርዝሩን ማንም አያነብም» አላት። በቃ፣ መረጠች። ኤርፎኑ አሁንም ኪሷ ውስጥ ነው።

ቅጂውን ከጠረጴዛው ጫፍ ስባ ገለጠችው። ኮሚሽኑስ እውነት ነው፣ ግማሽ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ፦ «ደንበኛ ቅሬታ ካቀረበ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ድርጅቱ በነጋዴው ሂሳብ ያለውን ገንዘብ በሙሉ እስከ ስድሳ ቀን ማገድ ይችላል።»

በሙሉ! ለአንድ ሰው ቅሬታ!

በሩ ተበረገደና አንድ ደንበኛ ኮቱን አንጠልጥሎ ገባ። «እትዬ፣ ይኼ ኮት ሳመጣው ቁልፍ ነበረው!»

«ውይ የኔ ጌታ፣ አስቀምጠው፤ ለነገ ተክቼ እሰፋልሃለሁ።»

ሰውዬው እያጉረመረመ ወጣ። እናቷ ሳቀች። «ላውንደሪ ማለት ቅሬታ ነው። ቅሬታ የጠፋ ቀን ተዘግተናል ማለት ነው» አለችና ወደ ውሉ ጎንበስ አለች።

ልጅቷ አራተኛውን ገጽ ደግማ አየችው። ስድሳ ቀን ሙሉ ሳሙና በምን ይገዛል? የቤቱ ኪራይስ? አንዲት ቁልፍ ቤታቸውን ልትዘጋው ነው! ልናገር ብትል ደግሞ ማንበቧ ውሸት መሆኑ ሊወጣ ነው፣ ኤርፎኑም ሊወጣ ነው፤ እናቷ ከእንግዲህ በየትኛው ዓይኗ ታያታለች? ዝም ብትልስ? ምናልባት ምንም አይፈጠር ይሆናል። የፈሪ ሰው ምናልባት መቼም አያልቅም።

እናቷ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተጠንቅቃ ነው የምትጽፈው። የስሟን ሁለተኛ ፊደል ጨረሰች።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። ድምጿን የካውያው እንፋሎት ዋጠው። «እማዬ! አትፈርሚ!»

እስክሪብቶው ቆመ።

«ምነው እህቴ፣ ተስማምተን የለ እንዴ?» አለ ወኪሉ እየሳቀ። ዓይኑ ግን ኪሷ ላይ ነበር።

ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና ኤርፎኑን አውጥታ ውሉ ላይ አስቀመጠችው። «አላነበብኩትም፣ እማዬ። አንድም ገጽ። ይኼን ሰጥቶኝ ነው የመረጥኩት።»

እናቷ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ብትጮህ፣ ብትሳደብ ይሻል ነበር። ኤርፎኑን አየችው፣ ወኪሉን አየችው፣ ልጇን ግን ቶሎ አላየቻትም። ካውያውን ነቀለችና በርጩማውን በእግሯ ሳበችው።

«ተቀመጪ። የዚያኛውንም ድርጅት ወረቀት አምጪው።»

«እኔ እንኳ ሌላ ቀጠሮ ነበረኝ» አለ ወኪሉ፣ ሰዓቱን እያየ።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አለችው እናቷ፣ ቀና ሳትል።

ልጅቷ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። የመጀመሪያውን መስመር ማንበብ ጀመረች።

«ጮክ በይ» አለች እናቷ።